ሱፐርቫይዘር የሌላችሁ ካውንስለሮች ከየት ትጀምራላችሁ? (ከጎንደር፣ ከሰራሁበት)

ጎንደር ላይ "ሱፐርቪዥን" ስትሉ ሰው አእምሮ ላይ ሚመጣው ሌላ ነገር ነው፦ ነጭ መኪና፣ ቼክሊስት የያዘ ሰው፣ እና መዝገብ ለማሟላት ሚሯሯጥ ሰራተኛ። ቲቲፒ (የጤና ተማሪዎች በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ወጥተው ሚሰሩበት ልምምድ) ወጥታችሁ ምታውቁ ታስታውሱታላችሁ፣ "መጡ መጡ" ሲባል ጋውን ፍለጋ እንዴት እንደምንተራመስ። ስለዚ አንድ ካውንስለር "ሱፐርቫይዘር ያስፈልግሃል" ሲባል "ምን አጠፋሁ?" ቢል አልፈርድበትም፣ እኔም ብያለሁ።

እዚ ማወራው ግን ስለሱ አደለም። ከሰው ጋ ዘግታችሁ ተቀምጣችሁ ምትሰሩትን ስራ ከናንተ በላይ ለቆየ ሰው በቋሚነት እያቀረባችሁ፣ ምን እንዳላችሁ፣ ክላየንቱ (ምታማክሩት ሰው) ሲናገር ውስጣችሁ ምን እንደተፈጠረ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሻል አብራችሁ ምታዩበት ሰዓት ነው። ነገሩ አዲስም አደለም፣ በርሊን ላይ የሳይኮአናሊሲስ ተማሪዎች ኬዛቸውን ለአስተማሪ እያቀረቡ መማር ከጀመሩ ከ1920 እ.ኤ.አ. ወዲህ 100 አመት አልፏል። የብሪታንያ የካውንስሊንግና ሳይኮቴራፒ ማህበር ደሞ እውቅና (አክረዲቴሽን) የሰጣቸውን ክላየንት ሚያዩ አባላቱን በወር ቢያንስ 1 ሰዓት ተኩል ሱፐርቪዥን አድርጉ ይላል፣ ጀማሪ ሁን 30 አመት የሰራህ ሁን ለውጥ የለውም።

ፈረንጅ አገር ድረስ መሄድም አያስፈልግም'ኮ። ቅኔ ቤት የነበረ ዘመድ ካላችሁ ጠይቁት። ተማሪው ብቻውን ጥግ ይዞ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃናም ብትሆን፣ ከዛ መጥቶ ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታ ያርማሉ። ያልተነገረ ቅኔ አይታረምም። ቄሱስ ቢሆኑ ራሳቸው የንስሐ አባት አላቸው አይደል? እኛ ካውንስለሮች ብቻ ነን የሰው ጉድ ቀኑን ሙሉ ሰምተን ማንም ሳያርመን ወደ ቤት ምንገባው።

እኔ የመጀመሪያዎቹን 3 አመታት ያለ ሱፐርቫይዘር ነው የሰራሁት፣ ጎበዝ ነኝ ብዬም አስብ ነበር። ለምን እንዳልነበርኩ ታች ላይ ታዩታላችሁ።

1. ሰውየውን (ሴትየዋን) መፈለግ

መጀመሪያ ማይሆነውን ልንገራችሁ። አለቃችሁ ባይሆን ይመረጣል። እድገታችሁን ሚሞላ ሰው ፊት "ትላንት አንድ ክላየንት ላይ ተናደድኩ" ማለት ከባድ ነው፣ ትደብቃላችሁ፣ ከደበቃችሁ ደሞ ነገሩ ሁሉ ቲያትር ይሆናል። ሌላ ሰው ከጠፋና አለቃችሁ ብቻ ካለ ቢያንስ ሰዓቱን ለዩት፣ የስራ ሪፖርት ሌላ ቀን፣ ሱፐርቪዥን ሌላ ቀን።

ዘመድ አይሁን፣ የማህበር ወይ የእድር ሰውም ባይሆን ጥሩ ነው። እዚ ከተማ ይሄ ቀላል አደለም፣ ከአራዳ እስከ አዘዞ ሁሉም ሰው በአንድ በኩል ይተዋወቃል፣ ካልተዋወቀም አክስቱ ትተዋወቃለች። ሙሉ በሙሉ ማይነካካ ሰው ላታገኙ ትችላላችሁ፣ ሚነካካበትን ቦታ ግን ገና ከመጀመሪያው ተናገሩት።

የት ይፈለጋል ላላችሁኝ፣ ዩኒቨርሲቲያችን ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጤና ሲያስተምር የኖረ ነው፣ ሳይካትሪም ሳይኮሎጂም ትምህርት ክፍል አለው፣ እዛ ሚያስተምሩና ሆስፒታሉ ውስጥ ሰው ሚያዩ ሰዎች አሉ። ግን አስቡት፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይካትሪስት ራሱ ማሰልጠን የጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፣ ስለዚ ረጅም ልምድ ያለው ሰው ጥቂት ነው፣ ያለውም በሩ ላይ ሰልፍ አለ። በየሳምንቱ ስጡኝ ብላችሁ አታስጨንቁ፣ በ15 ቀን አንድ ሰዓት ጠይቁ።

እና የሳይካትሪ ነርሶችን አትርሱ። ዲግሪ ቆጥራችሁ ምታልፏቸው ሰዎች ናቸው። የኔ ሱፐርቫይዘር ጡረታ የወጡ የሳይካትሪ ነርስ ናቸው፣ ሁላችንም ሲስተር ነው ምንላቸው፣ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳይጨምሩ ከማንም ፕሮፌሰር በላይ አስተምረውኛል።

ያገኛችሁትን ሰው ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ሻይ ጠጡና ሶስት ነገር ጠይቁ። "እርሶ ራሶ ኬዞን ለማን ነው ሚያቀርቡት?" "ክላየንት ላይ ተሳስተው ያውቃሉ፣ ያኔ ምን አደረጉ?" "እኔ ምናገረውን ለመስሪያ ቤቴ ይናገራሉ?" ሁለተኛው ጥያቄ ላይ "እኔ ተሳስቼ አላውቅም" ሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሻዩን ጨርሳችሁ አመስግናችሁ ሂዱ።

ሰው ጭራሽ ከጠፋ በስልክም ይሆናል፣ አዲስ አበባ ወይ ባህር ዳር ያለ ሰው። ቪዲዮ ላይ አትመኩ፣ እኛ ጋ ኔትወርክ እንዴት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፣ ተራ የድምጽ ጥሪ ይበቃል። "ከተቋረጠ ማን መልሶ ይደውላል፣ ከ10 ደቂቃ በላይ ከጠፋ ለመቼ ይዛወራል" ሚለውን ግን ቀድማችሁ ተስማሙ።

2. አንድ ገጽ ውል

እኛ ሀበሾች እዚ ላይ ነው ምንወድቀው። "ኧረ በመካከላችን ወረቀት ምን ያደርጋል" እንላለን፣ ከዛ በሶስተኛው ወር ማን ማንን እንዳስቀየመ አይታወቅም። ይሉኝታ ነው። ወረቀቷ ህጋዊ ምናምን መሆን የለባትም፣ በእጅ ብትጻፍም ምንም አይደል።

ምን ይጻፍ? በስንት ቀን፣ ለስንት ደቂቃ፣ የት። ክፍያ ካለ ስንት፣ ከሌለ "የለም" ተብሎ ይጻፍ፣ ያለ ክፍያ ሚያገለግል ሰው ላይ ቀጠሮ መሰረዝ ይቀላል፣ ስለዚ ስንሰርዝ ከስንት ሰዓት በፊት እንደምናሳውቅም ይጻፍ። ምስጢር እስከየት ነው፣ ማለትም ሱፐርቫይዘሩ መቼ ብቻ ነው ለሌላ ሰው ሚናገረው (የሰው ህይወት አደጋ ላይ ሲሆን፣ ህጻን ሲጎዳ፣ እኔ ራሴ ክላየንት ስጎዳ)። ድንገተኛ ነገር ሲገጥመኝ ከቀጠሮ ውጪ መደወል እችላለሁ ወይ። እና እኔ በነዚ 6 ወራት ምን ማሻሻል ነው ምፈልገው፣ ሁለት ነገር ብቻ። የኔ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ "ዝምታ መቻል" ሚል ነበር፣ ሲስተር አይተው ሳቁ፣ "ይሄ ባል ለማግባትም ይጠቅምሻል" አሉኝ።

ቦታውን በተመለከተ፣ ፒያሳ ካፌ ውስጥ በፍጹም። ማኪያቶው ጥሩ ነው፣ ጀርባችሁ የተቀመጠው ሰውዬ ግን የክላየንታችሁ አጎት ነው። ሚዘጋ በር ያለው ክፍል ፈልጉ፣ ከስራ ሰዓት በኋላ ባዶ ሚሆን ቢሮ አይጠፋም።

ቀጠሮ ስትይዙ ደሞ ጥር 10፣ 11 እና 12 አካባቢን ዝለሉት። ጥምቀት ነው፣ መንገዱ ይዘጋጋል፣ እንግዳ ቤት ይሞላል፣ ማንም አይመጣም።

3. ከመሄዳችሁ በፊት 20 ደቂቃ

ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። "እንዴት ነሽ፣ ስራ እንዴት ነው" ተባብላችሁ ሰዓቱ ያልቃል። አንድ ደብተር ያዙና አምስት መስመር ጻፉ፦ ሰውየው በግምት እድሜው፣ ምን ይዞ መጣ፣ ስንት ጊዜ ተገናኘን፣ እስካሁን ምን ሞከርኩ፣ እና ጥያቄዬ። በቃ። የክላየንቱን ህይወት ከልደቱ ጀምሮ ምትተርኩ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥያቄ እንደሌላችሁ ምልክት ነው፣ ወይ ደሞ ጥያቄውን እየሸሻችሁት ነው።

ስም አይጻፍም፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ስም ሳይጻፍም ግን ሰው ይታወቃል። እኔ አንድ ጊዜ ስም አልጠራሁም ብዬ ተማምኜ "ባሏ መተማ ሚመላለስ ሹፌር ነው፣ መንታ ሴት ልጆች አሏት፣ ሱቅ አላት" ብዬ ስጀምር ሲስተር እጃቸውን አነሱና "በቃ፣ ነገርሽኝ'ኮ፣ የት ሰፈር እንደሆነች ሁሉ አወቅኋት" አሉኝ። ደነገጥኩ። ከዛ ወዲህ ስራውን፣ የልጆች ቁጥሩን፣ ሰፈሩን ሁሌ እቀይራለሁ፣ ለጥያቄው ካላስፈለገ ጭራሽ አወጣዋለሁ። (እዚም ጽሁፍ ላይ ያሉት ሁሉ የተቀየሩ ናቸው፣ እንዳትለፉ።)

ጥያቄ እንዴት ይወጣል? "ምን ላድርጋት?" ጥሩ ጥያቄ አደለም፣ መልስ ይሰጣችኋል፣ መልሱን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ በሚቀጥለው ክላየንት ላይ ዜሮ ናችሁ። "እሷ ዝም ስትል እኔ ለምን ቶሎ እናገራለሁ?" ጥሩ ነው። "ይሄ ልጅ በመጣ ቁጥር ሰዓት ለምን አያለሁ?" በጣም ጥሩ ነው። ልዩነቱ ገባችሁ፣ ሁለተኛው እናንተን ጥያቄው ውስጥ ያስገባል።

የትኛውን ኬዝ ልውሰድ ለሚለው ደሞ የኔ ህግ ቀላል ነው፦ መውሰድ ያልፈለኩትን። ዝርዝሩን ሳይ "ይሄኛው ይቆይ፣ ደህና ነው" ያልኩት ኬዝ እሱ ነው። ጥሩ የሰራሁበትን ኬዝ ይዤ ሄጄ "ጎበዝ" ተብዬ መጥቼ አውቃለሁ፣ ደስ ይላል፣ ምንም አልተማርኩም።

4. ንግግሩን ቃል በቃል መጻፍ

ብዙ ቦታ ሴሽኑ ይቀዳል፣ ሱፐርቫይዘሩ ይሰማል። እኛ ጋ ስልክ አውጥታችሁ "ልቅዳሽ?" ብትሉ በተለይ ባሳለፍናቸው አመታት ያላመነ ሰው ጭራሽ ይዘጋል፣ እሺ ቢላችሁም ከልቡ እሺ ማለቱን ማወቅ ይቸግራል ምክንያቱም እናንተን እምቢ ማለት ነውር ስለሚመስለው። ስለዚ እኔ ምመክረው ሌላውን ነው። ሴሽኑ እንዳለቀ፣ ሌላ ሰው ሳይገባ፣ 10 ደቂቃውን ብቻ መርጣችሁ እሷ፦ እኔ፦ እሷ፦ እኔ፦ እያላችሁ ምታስታውሱትን ጻፉ። ማሳመር የለም። ያላችሁትን ነገር ትንሽ አስተካክላችሁ እንደምትጽፉ አውቃለሁ፣ ሁላችንም እናደርገዋለን፣ ቢያንስ ስታስተካክሉ ያዙት፣ ያስተካከላችሁባት ቦታ ላይ ነገር አለ።

አሁን የኔን ልንገራችሁ። ልጇ የሞተባት አንዲት እናት ነበረች፣ አራት ጊዜ ተገናኝተን "አትናገርም፣ አልከፈተችልኝም" ብዬ ነው ኬዙን ይዤ የሄድኩት። ሲስተር "10 ደቂቃዋን ጽፈሽ ነይ" አሉኝ። ገጽ ተኩል ጽፌ ሄድኩ። ቀይ እስክሪብቶ አወጡና ምንም ሳይሉ ማስመር ጀመሩ፣ ማስመር፣ ማስመር፣ ከዛ ወረቀቱን አዙረው ሰጡኝ። ያሰመሩት አንድ ቃል ብቻ ነው። "አይዞሽ"። አስራ አንድ ጊዜ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ።

"እታለም" አሉኝ፣ "ከነዚ ስንቱ ለሷ ነው?"

ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን አየሁት። ሴትየዋ ድምጿ መሰበር ሲጀምር አይዞሽ እላለሁ፣ እሷ በነጠላዋ ጫፍ ታብሳለች፣ "ኧረ ደህና ነኝ" ትላለች፣ ወሬ ትቀይራለች። እንደገና ወደ ልጇ ትመለሳለች፣ እንደገና አይዞሽ። አልከፈተችልኝም ያልኳት ሴት አስራ አንድ ጊዜ ከፍታልኝ አስራ አንድ ጊዜ ዘግቼባታለሁ። አይዞሽ ጥሩ ቃል ነው፣ ለቅሶ ቤት "በቃ በቃ፣ ተይ፣ ምን ታደርጊዋለሽ" ማለትም ቦታው ላይ ልክ ነው፣ ሰው ሲከብ ነው ሚባለው፣ ቀኑን ሙሉ አልቅሳ የደከማትን ሴት ለማሳረፍ ነው። እኔ ጋ ግን በሳምንት ያላት ያቺ አንድ ሰዓት ናት፣ እሷኑ ነው የቀማኋት። ለምን ስባል... የሷ ለቅሶ እኔን ያስፈራኝ ነበር። የኔን ለቅሶ ይጠራብኝ ነበር። ይሄን ለማወቅ 3 አመትና አንድ ቀይ እስክሪብቶ ፈጀብኝ።

ስለዚ ስራ፦ የራሳችሁን 10 ደቂቃ ጻፉና የናንተን "አይዞሽ" ፈልጉ። ለአንዳንዱ ሰው "እግዚአብሔር ያውቃል" ነው፣ ለአንዳንዱ ምክር ነው፣ አንድ ጓደኛዬ ደሞ ሰው ማልቀስ ሲጀምር ተነስቶ መስኮት ይከፍታል።

5. ሰዓቱ ውስጥ

አንድ ሰዓት ካላችሁ የመጀመሪያው 5 ደቂቃ ባለፈው የተነጋገርነው ምን ሆነ፣ 10 ደቂቃ ኬዙን ማቅረብ፣ 35 ደቂቃ መስራት፣ የቀረው ምን ይዤ ልሂድ ሚለው ላይ። እኔ 10 ደቂቃው ላይ ሁሌ አልፋለሁ።

ጥሩ ሱፐርቪዥን ሶስት ስራ አለው ይባላል፣ በኔ አባባል፦ ደንብ ማስያዝ (ክላየንቱ አልተጎዳም ወይ፣ ከችሎታሽ በላይ አልያዝሽም ወይ)፣ ማሳደግ (ክህሎት)፣ እና ማደስ (አንቺ ራስሽ እንዴት ነሽ)። አንዱ ለሶስት ወር ጭራሽ ካልተነሳ ጠይቁ። እኛ አገር ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ብቻ ይሰራል፣ ሶስተኛው እንደ ቅንጦት ይታያል።

አንድ ሚገርም ነገር አለ፣ ሲደርስባችሁ እንድታውቁት። ምንም ብትነግሩት "እሱንማ ሞክሬዋለሁ" ሚል ወጣት ነበረኝ፣ አድካሚ። ይዤው ሄድኩ። ሲስተር አንድ ሀሳብ ሲሰጡኝ "እሱንማ ሞክሬዋለሁ" እላለሁ፣ ሌላ ሲሰጡኝ "እሱ እንኳን አይሆንም"፣ በአራተኛው ላይ ሳቁና "አሁን ማን ነው ሚያወራኝ፣ አንቺ ነሽ እሱ?" አሉኝ። ክላየንቱ እኔ ላይ ሚያደርገውን እኔ ሳላውቀው እሳቸው ላይ እያደረኩት ነበር። ሃሮልድ ሲርልስ ሚባል አሜሪካዊ ሳይካትሪስት በ1955 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል፣ ነጸብራቅ ነገር ነው፣ እዛኛው ክፍል ውስጥ ያለው እዚኛው ክፍል ውስጥ ይታያል። ጥቅሙ ምንድነው፣ ሲስተር በዛች ደቂቃ ምን እንደተሰማቸው ስጠይቃቸው "አቅመ ቢስነት" አሉኝ፣ ልጁ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሰማው ያኔ ነው የገባኝ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሀሳብ መስጠት ትቼ "ሁሉንም ሞክረህ ምንም አልሆን ሲልህ እንዴት ነው ምትችለው?" አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ከዛ አወራ።

ስለዚ ሱፐርቪዥን ላይ ያልተለመደ ነገር ስታደርጉ፣ ብትዘገዩ፣ ብትኮሳተሩ፣ ብትተኙ እንኳን፣ "ይሄ የማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሁሌ የክላየንቱ ነው ማለት አደለም ባይ ዘ ዌይ፣ አንዳንዴ ምሳ አብዝታችሁ ነው።

6. ሰው ከሌለ፣ ቡድን

አራት ሆናችሁ አንድ ሱፐርቫይዘር ከማጣት ራሳችሁን ብትሰበስቡ ይሻላል። ማይክል ባሊንት ሚባል ሀንጋሪ የተወለደ ሀኪም ለንደን ላይ ከባለቤቱ ከኢኒድ ጋ ሆኖ በ1950ዎቹ ለጠቅላላ ሀኪሞች የጀመረው አይነት ቡድን አለ፣ እኛም የሱን ቀለል አድርገን ነው ምንሰራው። አንድ ሰው ኬዙን ወረቀት ሳያይ ያወራል፣ 5 ደቂቃ። ሌላው ማብራሪያ ብቻ ይጠይቃል (እድሜ፣ ስንተኛ ቀን)። ከዛ አቅራቢው ወንበሩን ወደ ኋላ ያስወጣና ዝም ይላል፣ ሌሎቹ እሱ እንደሌለ ሆነው ያወራሉ፣ "እኔ ክላየንቱን ብሆን ምን ይሰማኝ ነበር፣ ካውንስለሩን ብሆንስ"። በ20 ደቂቃው ይመለስና ምን እንደነካው ይናገራል። ምክር መስጠት ክልክል ነው። ይሄ ክልከላ ላይ እኛ ሀበሾች እንሰቃያለን፣ በተለይ ሽማግሌ ቢጤ ሰው ቡድኑ ውስጥ ካለ፣ ስለዚ አንድ ሰው ሰዓትና ደንብ ጠባቂ ይሁን፣ በየተራ።

ሌላ የራሴ ደንብ፦ ቡና አይፈላም። ተናደዱብኝ እንጂ አልቀይረውም። ቡና ከተፈላ ሚያፈላው ሁሌ ከሴቶቹ አንዷ ናት፣ ረከቦት ስታስተካክል ኬዙ ያመልጣታል፣ እሷ ስታቀርብ ደሞ ቶናው ላይ ደርሰናል። ከጨረስን በኋላ ውጪ ወጥተን እንጠጣለን፣ እዛ ግን ኬዝ አይነሳም።

ከስድስት ብትበልጡ ተራ አይደርስም፣ ከሶስት ብታንሱ ወሬ ይሆናል። ቡድኑ ደግሞ ልምድ ያለው ሰው አይተካም፣ ሁላችንም ማናየውን ነገር ሁላችንም አናየውም፣ በሁለት ወር አንዴ እንኳን የቆየ ሰው ጋብዙ።

7. የራሳችሁ ነገር

ባለፉት አመታት እዚ አካባቢ ሚናገረውም ሚሰማውም ያሳለፉት አንድ ነገር ነው። ከተፈናቀለ ሰው ጋ ተቀምጣችሁ እያወራችሁ የራሳችሁ ዘመድ የት እንዳለ የማታውቁበት ሳምንት ነበር። እና "ካውንስለር ነኝ፣ እችለዋለሁ" ሚባል ነገር አይሰራም።

ምልክቶቹን ለራሴ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ፦ ክላየንት ሲቀር ደስ ሲለኝ፣ ታሪኩን ሳይጨርስ መጨረሻውን ያወኩ ሲመስለኝ፣ ቤት ገብቼ ልጆቼ ላይ ስጮህ፣ ሰው ሲስቅ ስቆጣ። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ከታዩ ሱፐርቪዥን ላይ ቀድሞ ሚነሳው እሱ ነው፣ ኬዙ ይቆያል።

ግን ሱፐርቪዥን ቴራፒ አደለም፣ ድንበሯን ጠብቁ። መለኪያዋ ይቺ ናት፦ "ይሄ ነገሬ ከክላየንቱ ጋ ምሰራውን እንዴት ይነካዋል?" እስከዛ ድረስ ሱፐርቪዥን ነው። ከዛ ካለፈ፣ የአባቴ ሞት፣ ትዳሬ፣ ሌላ ቦታ ይወሰዳል፣ ሌላ ካውንስለር ጋ፣ ጓደኛ ጋ፣ ንስሐ አባትም ጋ። ያቺ እናት ለቅሶዬን ጠራችብኝ አላልኳችሁም? ሲስተር እዛ ላይ አቆሙኝና "ይሄን እኔ ጋ አናወራውም፣ ግን ሳታወሪው አትቅሪ" አሉኝ። ያኔ ከፋኝ፣ እንደተገፋሁ ነው የቆጠርኩት፣ አሁን ሳስበው ካደረጉልኝ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው።

ጀማሪ ከሆናችሁ ደሞ ይቺን እወቁ፣ በመጀመሪያው አመት ሰው ሁሉ ሀሳቡ ራሱ ላይ ነው፣ "ጥሩ እየሰራሁ ነው?"፣ ሱፐርቫይዘሩ አስተማሪ እንዲሆንለት ይፈልጋል። ከዛ ሚወዛወዝበት ጊዜ ይመጣል፣ አንድ ቀን ሁሉን ቻይ ሌላ ቀን ስራ ልቀይር ባይ፣ ሱፐርቫይዘሩን መቃወምም ይጀምራል። ሁለቱም መንገዱ ነው፣ አትደንግጡ።

8. ቀጠሮ ማይጠብቅ ነገር

ራስን ማጥፋት ከተነሳ በ15 ቀን የምትገኙበትን ቀጠሮ አትጠብቁም። በአማርኛ የተተረጎመውን ፒኤችኪው 9 (ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድብርት መለኪያ ቅጽ) ምትጠቀሙ ከሆነ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ምትጠይቀው 9ኛዋ ጥያቄ ላይ ከዜሮ ሌላ ምንም ቁጥር ቢሞላ ድምሩን ትታችሁ በዛው ሰዓት ቁጭ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፣ ሀሳብ ብቻ ነው፣ እቅድ አለ፣ መንገዱ እጁ ላይ ነው? መጠየቅ ሀሳቡን አያመጣበትም። እቅድ ካለ ብቻውን ከክፍሉ አይወጣም፣ ቤተሰብ ይጠራል፣ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አብሮት ሰው ይሄዳል፣ እናንተም በዛው ቀን ሱፐርቫይዘር ጋ ትደውላላችሁ። መደወላችሁን፣ ሰዓቱን፣ የተባላችሁትን ጻፉ። ገጠር ሚሰራ ደሞ በቤት ያለ የጸረ ተባይ መድሃኒት የት እንደተቀመጠ ይጠይቅ፣ ቤተሰቡ ከቤት ያውጣው።

9. ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ችግር ሲሆን

ድሮ አንድ ሰው ጋ ጀምሬ ነበር፣ ማንነቱን እንተወው። ከ60ው ደቂቃ 50ውን ስለራሱ ያወራ ነበር፣ እኔም "እሺ፣ ልክ ኖት" እያልኩ አምስት ወር ተቀመጥኩ፣ በይሉኝታ። ትልቅ ሰው ፊት ቀጥ ብሎ መቃወም ለኛ ይከብዳል፣ ስለዚ ምትሉትን አረፍተ ነገር ቤት ተለማምዳችሁ ሂዱ። ለምሳሌ "ጋሼ፣ ዛሬ አንድ ነገር ከብዶኛልና 20 ደቂቃ እኔ ላውራ፣ ከዛ እርሶ ያርሙኛል"። ወይ "ባለፈው እንደዛ ሲሉኝ አፍሬ ቀጣዩን ነገር ደበቅኮት፣ እንዳልደብቆት ብዬ ነው ምነግሮት"። ጥሩ ሰው ከሆነ ይሄን ሰምቶ ያመሰግናል። ሁለት ጊዜ ተነግሮት ካልተለወጠ በአክብሮት ጨርሱ።

ሚያዋርድ፣ ከክላየንታችሁ ጋ ራሱ መገናኘት ሚፈልግ፣ ወይ ከእናንተ ሌላ ግንኙነት ሚፈልግ ከሆነ ግን ሁለተኛ እድል የለም። በዛው ቀን ውጡ፣ ለምታምኑት የሙያ ሰው ተናገሩ።

10. በ6 ወር ዞር ብሎ ማየት

ያቺን የውል ወረቀት አውጡ፣ የጻፋችኋቸውን ሁለት ነገሮች አንብቡ። ሱፐርቫይዘራችሁ አንድ ገጽ ይጻፍ፣ እናንተም አንድ ገጽ ጻፉ፣ ሳትነጋገሩ፣ ከዛ ተለዋወጡ። ልዩነቱ ላይ ነው ምታወሩት። እኔና ሲስተር በመጀመሪያው ጊዜ ስንለዋወጥ እኔ "አሁን ዝምታ ቻልኩ" ብዬ ጽፌ እሳቸው "ዝም ትላለች፣ ግን ጭንቅላቷን ታወዛውዛለች" ብለው ጽፈው ነበር። አዲስ ወረቀት ላይ "ጭንቅላት" ተብሎ ተጻፈ።

ደብተሩን በተመለከተ፣ የሱፐርቪዥን ማስታወሻ ከክላየንት ፋይል ጋ አይቀላቀልም፣ ለብቻው ሚቆለፍ ቦታ ይቀመጣል፣ ስልክ ላይ ፎቶ አይነሳም፣ ቴሌግራም ላይ አይላክም፣ "ሴቭድ ሜሴጅ ነው'ኮ" ብሎ ነገርም የለም። ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ ከመጀመሪያው ትስማማላችሁ፣ እኛ አንድ አመት ነው ያልነው። አመቱ ሲሞላ እኔ ግቢ ውስጥ ከሰል ማንደጃው ላይ ገጽ በገጽ አቃጥለዋለሁ። የመስሪያ ቤቱን ፋይል ግን እንዳትነኩ፣ እሱ የራሱ ደንብ አለው።